አምባሩ በየትኛው እጅ ነበር

ቦንጋ ውስጥ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ያገባችን ሴት በሠርጓ ቀን ማን እንዳለበሳት ብትጠይቋት፣ ለመመለስ አታስብም። እትዬ በዛወርቅ ናቸው። ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንድ ክፍል ሱቃቸው የሙሽራ ልብስና ጌጥ ያከራያሉ። ሙሽራዋን ግን ለማንም አሳልፈው አይሰጡም። ራሳቸው ፊት ለፊቷ ቆመው ጨሌውን ያስራሉ፣ ጉትቻውን ያንጠለጥላሉ፣ በመጨረሻም አምባሮቹን አንድ በአንድ በግራ ክንዷ ላይ ያስገባሉ። በቀኟ ምንም የለም። "ሌላው እጄስ?" ያለች ሁሉ የምታገኘው መልስ አንድ ነው።

"የቤተ መንግሥት ሴቶች እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ቀኝ እጅ ለሰላምታ ነው፤ ባዶውን ይከበራል።"

ይህን የወረሱት ከአያታቸው ነው። በቤተሰቡ ሲነገር እንደኖረው፣ የአያታቸው እናት በታቶው፣ ማለትም በካፋው ንጉሥ ግቢ፣ የንጉሡን ባለቤት ለበዓል ከሚያለብሱት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ከዚያ ዘመን ተረፉ የሚባሉ አምስት አምባሮች በጨርቅ ተጠቅልለው በሣጥናቸው አሉ። እነዚህን አያከራዩም።

ባለፈው ጥቅምት የባህል ቢሮ በአዳራሹ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶግራፍ ሊያሠራ አሰበ፤ በበዓል ቀን ንጉሥ ፊት የምትቀርብን እመቤት የሚያሳይ። እንድትነሳ የተመረጠችው ትሁት የምትባል መምህርት ነበረች። እትዬ በዛወርቅ አምባሮቹን ለማዋስ ተስማሙ፤ አለባበሱ እሳቸው እንዳሉት ከሆነ ብቻ።

የቢሮው ባለሙያ አብነት ደስ አላለውም። "እትዬ፣ በሁለቱም እጅ ብናደርገው ምን አለበት? ለካሜራ ያምራል።"

"ካሜራው ንጉሥ ነው እንዴ?"

ብዙ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ አብነት በግራ እንዲሆን እሺ አለ፤ "ግን ከፎቶው ሥር ጽሑፍ ይኖራል። የአንድ ቤተሰብ ቃል ብቻ ከሆነ 'ይባላል' ብዬ ነው የምጽፈው" አለ።

"ይባላል?" ከወንበሩ ተነሱ። "ምስክር አመጣልሃለሁ!"

ምስክራቸው ዋጫ በምትባል ከተማ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። እማማ አስካለማርያም ዘጠናን እየተጠጉ ነው፤ የእሳቸውም አያት በዚያው ግቢ አልባሽ ነበሩ ይባላል። ቃላቸውን እንድጽፍ ቢሮው እዚያው የምሠራውን እኔን ላከኝ። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። እትዬ በዛወርቅ አምባሮቹን እንደታቀፉ ሺሺንዳን አለፍን።

"ዛሬ ያቺን 'ይባላል' ቀብረናት እንመለሳለን" አሉኝ።

እማማ አስካለማርያም ከእንሰቱ ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጥያቄውን እንደሰሙ ቡልኮ፣ ያ ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ ከቤት እንዲመጣላቸው አዘዙ። በግራ ትከሻቸው ላይ ሲጥሉት ግራ እጃቸው እስከ ጣታቸው ተሸፈነ።

"በይ አድርጊልኝ።"

እትዬ በዛወርቅ ጎንበስ ብለው የቡልኮውን ጫፍ መግለጥ ጀመሩ።

"እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ግራ እጅዎን ነዋ፣ እማማ።"

"ግራ እጄማ ተኝቷል። ንጉሥ ፊት ስትቀርብ የምትሰጠውም የምትቀበለውም በዚህ ነው።" ቀኛቸውን ከቡልኮው አውጥተው ዘረጉ። ያ የደረቀ ክንድ ሲነሳ የቆዳው ሽብሽብ እንኳ ተስተካክሎ የተቃና መሰለኝ። "የማይወጣ እጅ ላይ ጌጥ ምን ይሠራል? ለቁንጫ ነው?"

"አያቴ ግን በራሷ እጅ አድርጋ ነው ያሳየችኝ። በዚህ በኩል።" እትዬ በዛወርቅ ግራ እጃቸውን አነሱ።

"አንቺ የት ተቀምጠሽ?"

"ፊት ለፊቷ..."

እጃቸው እንደተነሳ ቀረ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ስድስት።"

"እንግዲህ እንደ መስታወት ነው ያየሽው፣ ልጄ፤ ቀኟ ላንቺ በግራ በኩል ሆነብሽ" አሉ አሮጊቷ በርኅራኄ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የተቀመጠችበት ቦታ የአንድ ከተማ ሙሽሮችን አምባር ከክንድ ወደ ክንድ አሻገረ!

መኪና ስንጠብቅ ላጽናናቸው ሞከርኩ። "እሳቸውም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ቃል ለቃል ነው፤ አንድ ለአንድ።"

"አይደለም። ለሳቸው ቡልኮው ይመሰክራል። ለእኔ ማን አለኝ?" የአምባሮቹን ጥቅል ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ደግሞ 'ቀኝ ለሰላምታ ነው' ያለችው አያቴ አይደለችም። አንዷ ሙሽራ ስትጠይቀኝ መልስ ሲጠፋኝ እኔው ነኝ ያልኩት። ሲቆይ የአያቴ መሰለኝ።"

በማግስቱ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሲዘረጋ እትዬ በዛወርቅ ቢሮው ገብተው "በቀኝ ነው" አሉ፤ ዋጫ ላይ የሆነውንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

ትሁት ሳቋ አመለጣት። "እትዬ! አምና እኔን በግራ አይደል የዳሩኝ? ባሌን እንደ አዲስ እንጋባ ልበለው?"

"እሱ ደግሞ እሺ ካለሽ፣ በነጻ አለብስሻለሁ።"

አብነት ወደ ጥግ ወሰዳቸው። "በቀኝ ይሁን፤ አሁን ምክንያትም አለን። ስለ ግራው ግን ዝም እንበል። ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው።"

"የቦንጋ ግድግዳ ዝም ይላል? በየሳሎኑ የሠርግ ፎቶ አለ፤ ሁሉም በግራ። እኔ ስሞት አንዱ ያንን ሰብስቦ 'ይሄ ሁሉ ሰው አይሳሳትም፤ የተሳሳተው የአዳራሹ ነው' ይላል። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ጻፈው።"

"ጽሑፉ አራት መስመር ነው፣ እትዬ። ቦታ የለውም።"

"አምስተኛ ጨምርበት።"

"ሰው ስህተቱ እንዲሰቀልለት ይለምናል?"

እትዬ በዛወርቅ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አምባሮቹን አንድ በአንድ መጠቅለል ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አብነት ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

እትዬ በዛወርቅ በዚያ ቀን ትሁትን ያለበሱት ከጀርባዋ ቆመው ነው። ቡልኮውን በግራ ትከሻዋ ላይ ጣሉ። ቀኟን በቀኛቸው ይዘው አምስቱን አምባሮች አስገቡላት። ፎቶ አንሺው "ወደዚህ!" ሲል ትሁት እጇን ዘረጋች፤ አምባሮቹም ተያይዘው እየተንቃጨሉ ወደ አንጓዋ ወረዱ።

ከዚያ ሄደው አብነት አጠገብ ቆሙና አምስተኛውን መስመር እንዲያነብላቸው አዘዙት።

"'በቦንጋ የሠርግ ፎቶግራፎች አምባር በግራ ክንድ የሚታየው ምናልባት በአልባሿ በወይዘሮ በዛወርቅ ስህተት ነው።'"

ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳረፉ። "'ምናልባት' የምትለዋን አውጣት።"

አብነት ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ አወጣት።