ለእኔ የመጡ የመሰሉኝ ሽማግሌዎች

ባለፈው ዓርብ ዓሣ ስጠብስ ለግዳጅ ውትድርና የገባች ልጄ ከጦር ሰፈር መጣችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማ፣ ኮንዶም ቢቀደድ የት ነው የሚኬደው?» አለችኝ። ሹካው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ለጓደኛዬ ነው» አለች ፈጥና። ጓደኛዋም ትሁን ራሷ የማውቀውን ነገርኳት። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፣ ፈጥኖ ለደረሰ የሚሰጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ምርመራው ከዚያ ይከተላል። «አብሬያት ልሂድ?» ስላት «ለምን?» ብላ ሳቀችና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ዓሣውን አሳረርኩት።

እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ያኔ የምንኖረው ዶራ በሚባል፣ ከጎንደር የመጣን አይሁድ በበዛንበት ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሥራዬ ራማት ፖሌግ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ነበር። ኤሊ የሚባል ልጅ እዚያው ሳህን ያጥባል፤ ጨዋታው የሚጥም፣ ሲስቅ ሁሉን የሚያስረሳ። አንድ ሌሊት አብረን አድረን ኮንዶሙ ተቀድዶ ስናየውም ሳቀ። «በሴደር፣ ደህና ይሆናል፣ አትጨነቂ» አለኝ በዕብራይስጥ። ከዚህ በፊት ተመርምረህ ታውቃለህ ወይ ስለው ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ያን ጫማ እስካሁን አልረሳውም።

የእርግዝናው ሥጋት የወር አበባዬ ሲመጣ ለቀቀኝ። የኤች አይ ቪው አለቀቀኝም። ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ያገኘኋት ሐኪም «አሁን ብትመረመሪ አይታይም፣ ጥቂት ሳምንታት ጠብቂ» አለችኝ። ጠብቂ! ሻይ እስኪፈላ ቆሜ መጠበቅ የማልችለውን ሴት! ወቅቱ የጓቫ ነበር፤ ገበያው ሁሉ ጓቫ ጓቫ ይሸታል፣ እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል። ከሥራ ስወጣ አውቶቡሱን ትቼ በባሕሩ ገደል አፋፍ በእግሬ እዞራለሁ። ጉሮሮዬን ከከረከረኝ እሱ ነው እላለሁ። ላብ ካጠመቀኝም እሱ ነው። በየደረጃው ቆሜ ብብቴ አብጦ እንደሆነ እዳስሳለሁ። ጓቫው አልቆ ዝናብ ሲጀምርም እየዞርኩ ነበር።

ከሕመሙ እኩል የምፈራው ወሬውን ነው። ያኔ የእኛ ሰው የለገሰው ደም ኤች አይ ቪ አለበት ተብሎ ይደፋ ነበርና የሚሉንን እውነት የማደርገው እኔ ልሆን ነው ብዬ ተንገበገብኩ። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አስተርጓሚዋ የእናቴ የአክስት ልጅ ናት። እኛ ስንጋባ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ደሜን እዚያው ፖሌግ፣ ለዚያችው ሐኪም ሰጠሁ። አንድ ሐሙስ የሐኪሟ ጸሐፊ ደወለች። «ውጤትሽ መጥቷል። በስልክ አይነገርም፣ እሑድ ጠዋት ነይ። ከፈለግሽ ሰው ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ።» ሰው ይዘሽ! ያን ቅዳሜ፣ ሰንበታችንን፣ እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዜር ይወቀው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወረድኩ። ከሕንፃው በታች አግዳሚው ላይ አራት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በእኛ ልማድ መርዶ በስልክ ወይም በመንገድ አይነገርም። ሰንበት ያልፍና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህል ሳይቀመስ፣ በማለዳ ይመጣል። ወሬው ከፖሌግ ዶራ ደርሷል፣ አስተርጓሚዋ ሰምታለች፣ እነዚህ የመጡት ለእኔ ነው አልኩ።

ከመካከላቸው የእናቴ አጎት አባ ይርጋ ነበሩ፤ ከጎንደር በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እናትሽ ተነስታለች?»

«ለእሷ አይንገሯት አባ፣ በፈጠረዎት!»

«አንቺን ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ የራሴ ጉዳይ! ኮንዶሙ ተቀደደ እንጂ እኔ እኮ ተጠንቅቄ ነበር። በሽታው ካለብኝ አሁኑኑ ይንገሩኝና ልረፍ።»

አባ ይርጋ ክንዴን ይዘው ከሌሎቹ ራቅ አደረጉኝ።

«እኛ የመጣነው ለአጎትሽ ለወርቁ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጎንደር ላይ አረፈ።»

ደስ አለኝ። የእናቴ ወንድም ሞቶ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ የዘከዘክሁት ሁሉ ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

«ውጤቱ መቼ ነው?»

«አሁን ልቀበል እየሄድኩ ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ጸሎት ቤት ጠብቁኝ፤ ማታ እንመጣለን። የሞተ ሰው አይቸኩልም።»

አውቶቡስ ውስጥ እግሬ አላርፍ አለኝ። እሳቸው የወንድማቸው ልጅ ሞቶባቸው ከእኔ ጋር መቀመጣቸው እንኳ የገባኝ መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። «ሱዳን ላይ» አሉ ድንገት፣ «ታናሽ እህቴ ታመመች። ይጋባል ብለን የምትጠጣበትን ጣሳ ለየንባት። እኔም ለየሁ። አየችንና ከዚያ ወዲያ ውኃ አልጠየቀችም።»

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ምንም የለብሽም ስትለኝ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። አባ ይርጋ ዕብራይስጥ አይሰሙም፤ ያዩት ማልቀሴን ብቻ ነው። ሐኪሟ ውኃ ሰጠችኝ። ግማሹን እንደ ጠጣሁ አባ ይርጋ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱና ዓይን ዓይኔን እያዩ የቀረውን ጨለጡት።

«አባ፣ ነፃ ነኝ እኮ!» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ የማትረቢ!» አሉኝ።

ማታ እናቴ መርዶዋን ሰማች። ከእሷ ብሼ አለቀስኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አጎቷን እንዲህ የምትወድ ልጅ አላየንም ብሎ አደነቀኝ። አባ ይርጋ ማዶ ተቀምጠው ንፍሯቸውን ያላምጣሉ፣ ቀና ብለውም አላዩኝ። ኤሊ ውጤቱን ስነግረው «አላልኩሽም?» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነጋገርንም። እናቴ ጉዳዩን እስከ ዛሬ አታውቅም።

አባ ይርጋ ካረፉ ዓመታት አለፉ። የእሳቸውን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው፤ ኪርያት ሀሻሮን የሚባል ሰፈር የትራፊክ መብራት ይዞኝ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ። ነጋሪዬ ይቸኩል ነበር፣ አልፈርድበትም፣ ሁላችንም እንቸኩላለን። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባቸውን አስጮኹ፣ እኔ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በወጣትነቴ ሽማግሌ በማለዳ ደጅ ላይ ተቀምጦ ከማየት የበለጠ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ግን መንገዱን ዘግቼ ስነፋረቅ አንድ ሽማግሌ እንኳ ለእኔ ብሎ በማለዳ ቢነሳልኝ ምን ነበረበት አልኩ።