ሶሊ የጠፋችለት ወረቀት

አፍ ያለው ሁሉ ጭንቅላቱ ሙሉ ነው ያለው ማን ነው? በርበሬ በረንዳ ላይ ቅመም የምትሸጠው ሠርኬ ደሟ የሚፈላው በዚህ ነው። ልጇ ሶሊ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አፏ ጤፍ ይቆላል። መንገደኛውን «ጋሼ፣ ዛሬ ከፍቶዎታል፣ ምን ሆኑ?» ብላ ታስቆመዋለች፤ ሰውየው ሳያስበው ኮረሪማ ገዝቶ ይሄዳል። ይህን ያየ ነጋዴ ሁሉ «እቺማ አራዳ ናት!» ይላል። መርካቶ ላይ ምላስ ካለህ ሁሉ አለህ ማለት ነዋ!

ግን ሶሊ ከእናቷ ሱቅ አራተኛው በር ላይ ያለውን የውብሸትን ወፍጮ ቤት ለብቻዋ አግኝታው አታውቅም። ዕድሜ ልኳን ተመላልሳበት! ግራና ቀኙ ይዞርባታል። ሦስት ሎሚና አራት ሎሚ ስንት ነው ብትሏት፣ ስለ ሎሚ ደስ የሚል ወሬ ታወራላችኋለች እንጂ ሰባት አትልም።

ሐኪሟ ነገሩን አስረድታለች። ዊሊያምስ ሲንድረም ይባላል፤ ከተፀነሰች ጀምሮ ከዘረ-መሏ ትንሽ ቁራጭ ጎድሏል። «ሁሉም ነገር እኩል አልደከመባትም» አለች ሐኪሟ። «ንግግርና ሰው መውደድ በርትቶላታል፤ አቅጣጫ፣ ቁጥርና ሥዕል ግን በጣም ይከብዷታል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በዓይን ያዩትን ይይዛሉ። አንዱን አይቶ በሌላው መፍረድ አይቻልም።» ሠርኬ ይህን ቃል በቃል ይዛዋለች፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም።

ባለፈው ታኅሣሥ እንደ ሶሊ ላሉ ወጣቶች ሥልጠና ተከፈተ። ለመግባት የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለባት የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ጠዋት እናትና ልጅ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ይገረም የሚባል ሰው ፊት ተቀመጡ።

ይገረም የሐኪሟን ደብዳቤ ገና ሳይገልጠው ሶሊ ቀደመችው፦ «ጋሼ፣ አልተኙም እንዴ? ዓይንዎ ቀልቷል፤ ልጅ ታሞብዎት ነው?»

እውነትም ልጁ ታሞበት አድሯል። ገረመው፣ ሳቀ፣ ሻይ አዘዘላት። ከዚያ ወደ ሠርኬ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ትንሽ አያፍሩም? ይቺ ልጅ እኮ ከእኔ ትሻላለች! የእውነተኛ ችግረኛ ቦታ ሊነጥቁ ነው?» አላት።

አያፍሩም! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን ይዛ ያሻገረቻትን እናት! «ኧረ ደብዳቤውን ያንብቡት፣ በፈጠረዎት!» ብትል ማን ሰምቷት።

«ሶሊዬ፣» አለች፣ «እታች ካለው ሱቅ ውሃ ገዝተሽ ነይ።»

«እሺ እማዬ!» ሶሊ እየዘለለች ወጣች። ብቻዋን ስትላክ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስታዋ ሌላ ነው።

«አሁን ይጠብቋት» አለችው ሠርኬ።

ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ይገረም ሰዓቱን ደጋግሞ አየና ተነሣ። ደረጃው ላይ የለችም። ባለሱቁ «ውሃዋን ገዝታ፣ ስቃ አሥቃኝ በዚያ ሄደች» አላቸው፤ «በዚያ» ያለው ከቢሮው ተቃራኒ ነው። ሠርኬ ያኔ ስሟን እየጠራች መሮጥ ጀመረች። ይህ መርካቶ ነው እኮ፤ ሰው ሁሉ ደግ አይደለም!

ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ሲኒማ ራስ፣ ታክሲ መያዣው ጋ አገኟት። የመኪና ጡሩምባ አስፈርቷት ጆሮዎቿን ይዛ፣ ውሃውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ታለቅሳለች። ይገረም ላብ አጥምቆት ሲደርስ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ደከምዎት? ውሃ ይጠጡ።»

ቢሮው ተመልሶ ፈረመ። ይቅርታ እንኳ አልወጣውም፣ ዓይኑ ላፈር!

ወደ ቤት ሲሄዱ ሶሊ የእናቷን ፊት አየች። ፊት ማየት እንደሆነ ታውቅበታለች።

«እማዬ፣ እንደምጠፋ ታውቂ ነበር?»

ሠርኬ ልትዋሽ አሰበች፤ አልቻለችም። «አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

ሶሊ ሥልጠናዋን ጀምራለች፤ እንግዳ መቀበል ነው የምትማረው፣ ጎበዝም ናት። ቤት ውስጥ ግን ሠርኬ «ሶሊዬ፣ እስቲ ከጓዳ ጨው አምጪልኝ» ስትላት፣ ከመሄዷ በፊት ትቆማለች። ቂም የላትም፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀው፦

«እማዬ፣ እንድመለስ ነው እንድጠፋ?»