የአሥራ ሦስት ቀን ውሃ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ብቸና ስመደብ የሚያጫውተኝ ሰው አልነበረም። «ደህና አደሩ» የሚለኝ ሞልቷል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ግን የለም። እኔም የሐረር ሰው፣ ቶሎ ግንፍል የምል፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ የምገባ አስተማሪ ነበርኩ። ያለኝ ጓደኛ ከሞጣ ተዛውሬ ስመጣ ከጭነት በቅሎዎቹ ኋላ ተከትሎኝ የመጣው ውሻዬ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሸሚዜን ሳጥብ ውሻው በድንገት በጎኑ ወደቀ። እግሮቹ ተንፈራገጡ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሽንቱ አመለጠው። ሲበቃው ተነሣና ሄዶ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ስጠራው አፈገፈገና ጥርሱን አሳየኝ። ሁለት ዓመት ከእጄ የበላ ውሻ አላወቀኝም።

ጎረቤቴ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ፣ አረፋውን በአጥሩ በኩል አይተው ኖሮ ምንሽራቸውን ይዘው መጡ።

«ዞር በል አስተማሪው! አብዷል!»

«አላበደም አባባ! የሚጥል በሽታ ነው!» ብዬ ፊታቸው ተገተርኩ። በሌላ ጊዜ ሽማግሌ ላይ አልጮህም፤ ያን ዕለት ጮህኩ።

ብዙ ተጨቃጭቀን ተስማማን። ውሻው አሥር ቀን ይታሰራል። ያበደ ውሻ ውሃ አይቀምስም ስለሚባል በየጠዋቱ መጠጣቱ ይታያል፤ አንድ ቀን እምቢ ካለ ይገደላል። የእኔን ምስክርነት ግን አልተቀበሉም። «አንተማ ባይጠጣም ጠጣ ትላለህ፤ እኔው በእጄ አጠጣዋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ውሃ የሞላ ጣሳ በረጅም እንጨት እየገፉ አቀረቡለት። የውሻው አንገት ወደ ግራ ተጣሟል። ጣሳውን ስቶ ሁለት ጊዜ መሬቱን ላሰ፤ ከዚያ አገኘውና ጠጣ። እፎይ አልኩ። ሽማግሌው ግን አልሄዱም፤ በርጩማ አወጣሁላቸውና ተቀመጡ።

«እውነት በእናንተ አገር ጅብ ከሰው እጅ ይበላል?»

«ይበላል፤ ምንሽር ይዞ የሚመጣበትም የለም» አልኳቸው። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ውሻው ቀስ በቀስ በረታ፤ ግን የኋላ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ ሲራመድ ወደ ግራ ይዞራል፣ የሰጡትን ሳያኝክ ይውጣል። እኔን ሲያይ አሁንም ያጉረመርማል። ሽማግሌው እንጨቱን ትተው ጣሳውን በእጃቸው መያዝ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ስነቃ ቀድሜ የማዳምጠው የእርምጃቸውን ድምፅ ሆነ። ስለ አዝመራው፣ ስላላለቀው የመሬት ሙግታቸው፣ ስለ ሟች ሚስታቸው ያወሩኛል። ብቸና ከገባሁ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን ውሻው ጣሳውን ጨለጠው። «በል ፍታው፤ ተሳስቼ ነበር» አሉኝ።

መፍታት ነበረብኝ። እጄ ገመዱ ላይ ደርሶ ቆመ። ነገ ምን ብለው ይመጣሉ?

«ለጥንቃቄ ሦስት ቀን ብንጨምርስ?» አልኩ።

ገረማቸው። ቢሆንም «ይሁና» አሉ። ገመዱ የውሻውን አንገት ልጦታል፤ አይቻለሁ፤ እያየሁ ተውኩት። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ይህ ነው። እኔ ለጨዋታ ብዬ ባስረዘምኳቸው በእነዚያ ቀናት ሽማግሌው ቁስሉን ቅቤ ይቀቡለት ነበር፤ ድምፃቸውን ገና ከሩቅ ሲሰማ ጭራውን መቁላት ጀመረ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ፈታሁት። ወደ ግራ ዞረ፣ ተንገዳገደ፣ አጠገቤ ደርሶ አለፈኝና በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ሾለከ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ መልሰው አመጡልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማምጣቱን ተዉት። እኔ ዘንድ ለመምጣትም ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በደጃቸው አለፍኩ። ውሻው ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። አንገቱን እንዳጣመመ ተነሣና ጮኸብኝ። ሽማግሌው ጀርባውን ዳበስ አደረጉት።

«ተው አንተ» አሉት፤ «ጎረቤት ነው።»