ስሙ የተሸረፈው ገዥ

መቆም አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ እግሬ ሳይደክመኝ ልቤ ቀድሞ ይሄዳል። እግዜር ቀልድ ያውቃልና ሚኒያፖሊስ አምጥቶ የሙዚየም ጥበቃ አደረገኝ። ሥራዬ መቆም ነው።

ያን ሰሞን የተመደብኩት በውሰት የመጡ የሱመር፣ የጥንቷ ኢራቅ፣ ቅርሶች ባሉበት ክፍል ነበር። መሃል ላይ አንድ ጥቁር የድንጋይ ሰውዬ አለ፤ ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም። ከአራት ሺህ ዓመታት በፊት የአንድ ከተማ ገዥ ነበር አሉ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይቆማል። መግለጫው እንደሚለው ገዥው ይህን ምስል አስቀርጾ ቤተ መቅደስ ያስገባው በእሱ ፈንታ እንዲቆምለት ነው። እሱ ግብር ሲሰበስብ፣ ቦይ ሲያስቆፍር፣ ድንጋዩ አምላኩ ፊት ያለ ዕረፍት ይጸልይለታል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ብልጥ ነው! እኔም እንደሱ ያለ ድንጋይ ባገኝ አልጠላም ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ወንጌል ሲነበብ ደርሼ ድርገት ሳይወርድ ሹልክ የምል ሴት ነኝ።

እህቴ እንደኔ አልነበረችም። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ አሜሪካም ያስመጣችኝ እሷ ናት። ክሪስታል በምትባል የሚኒያፖሊስ ዳር ከተማ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ወር ልቧ ታመመና ለሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና ተቀጠረላት። ቅዳሜ ደወለችልኝ።

«ስሚ፣ ነገ ቅዳሴ በኔ ፈንታ ቁሚልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ስሜንም ከታመሙት ጋር አስይዢልኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ ብለሽ ደግሞ መኪናዬን ሙቭ ላድርግ ብለሽ መሃል ላይ እንዳትወጪ።»

«አልወጣም አልኩሽ እኮ!»

ስልኩን እንደዘጋሁ፣ ሪችፊልድ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ሳለ፣ የሕሙማንን ስም ለሚሰበስበው ዲያቆን ስሟን ጽፌ ላክሁለት። መብራቱ ለቀቀኝና ነዳሁ።

እሑድ ቆምኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ሦስት ጊዜ ወደ በሩ አየሁ፤ አንዴማ ነጠላዬን ሰብስቤ አንድ እግሬን አንቀሳቅሼ ነበር። ግን አልወጣሁም። የታመሙት ስም ሲነበብ የእህቴን ሰማሁና ኩራት ኩራት አለኝ። ከዚያ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረኝ በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ።

አንዲት አስጎብኚ ጥቂት ሰዎች ይዛ ወደ ገዥው መጣች። ቀሚሱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ከመስታወቱ ውጭ በጣቷ እየተከተለች ታስረዳለች። ልመናው አለ፣ «ሕይወት ስጠኝ» የሚለው አለ። የገዥው ስም የነበረበት ቦታ ግን ተሸርፏል።

«ታዲያ ለማን ነው የሚጸልየው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እሱን እኛም አናውቅም» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ለዲያቆኑ የላክሁት፣ ሰው ሁሉ እሷን የሚጠራበትን፣ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ስም ነበር። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም እንደሆነ ደግሞ ሕፃን ያውቀዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም፤ የእህቴን የክርስትና ስም አላውቀውም። እኛ ቤት ለሁሉ አይነገርም፤ መተተኛ እጅ ይገባል እየተባለ ነው ያደግነው። እሷ የኔን ታውቃለች፤ በየማለዳው በዚያ ስም ትጸልይልኛለች። እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድ ቀን «ያንቺስ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። አፈርኩ።

ለባልደረባዬ ቦታዬን አደራ ብዬ ወደ ደረጃው ሮጥኩና ደወልኩ።

«እትዬ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰች።

«ምን ብለሽ ነው ያስያዝሽኝ?»

ነገርኳት።

«አንቺ ጉደኛ! ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ለማን ስትቆሚ ዋልሽ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስሟን ነገረችኝ። ሁለት ጊዜም አስደገመችኝ።

«ዲያቆኑን ልጥራው?»

«ተይው፣ አታስቸግሪው። አንቺ ከያዝሽው ይበቃኛል።»

ተመልሼ አዳራሹ እስኪዘጋ ከድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ፤ ስሟን በሆዴ እያልኩ። ተቁነጠነጥኩ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ አንዱን እግሬን በሌላው አሳረፍኩ። ግን አላቋረጥኩም።

ሰኞ ጠዋት ገባች። በሕይወት አልወጣችም።

በፍትሐቱ ቀን ካህኑ ቀረብ ብለው የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ልጇ ወደ እኔ ዞረች። የነፍስ አባቷ ወደ ሌላ ስቴት ከሄዱ ቆይተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ካህኑ ስሙን ይዘው ጸሎቱን ቀጠሉ። ደስ አለኝ ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ግን እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ደስታው ከቤተ ክርስቲያኑ በር አላለፈም። እኔ የነፍስ አባት እንኳ አልያዝኩም። የኔን ስም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ስሞት ካህኑ ቢጠይቁ የሚነግራቸው የለም።

የእህቴን ልጅ በክንዷ ይዤ ወደ መኪናዎቹ ወሰድኳት። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ እንግሊዝኛ ነው።

«ስሚኝ፣ የኔን ልንገርሽ። ለማንም እንዳታወጪ።»

ዓይኗ እንዳበጠ ስልኳን አወጣች።

«ኦኬ አንቲ። ስፔል ኢት።»

ፊደል በፊደል ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ቀስ ብላ መልሳ አነበበችልኝ። ከእህቴ በቀር ሰው በዚያ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር።