የሁለት መቶ ሰባቱ መስታወት

ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ ድሮ ትልቅ ሆቴል የነበረ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። የዕብነ በረድ ደረጃ፣ ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ የሰርግ አዳራሽ፣ በየክፍሉ የመታጠቢያ ገንዳ ነበረው። በኮሮና ጊዜ ተዘጋ። አሁን ሁለት ሁለት ክፍል እየተቀላቀለ አፓርታማ ሆኗል። የቧንቧውን ሥራ የያዝኩት እኔ ገመዳ ስለሆንኩ ሕንፃውን የማውቀው ከአንጀቱ ነው። ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት እትዬ ወርቄ ብቻ ናቸው።

እትዬ ወርቄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከነቀምት መጥተው አንሶላ ለመተኮስ ተቀጠሩ። ቀጥሎ ክፍል አጽጂ፣ በኋላም የጽዳት ኃላፊ ሆኑ። ሆቴሉ ተዘግቶ ሌላው ሠራተኛ ሲበተን፣ እሳቸው ሕንፃውን ሊጠብቁ ከደረጃው ሥር ባለችው የአንሶላ ክፍል ቀሩ። የድሮ ልማድ አይለቅምና የትኛውንም በር ሦስት ጊዜ ሳያንኳኩ አይገቡም፤ የራሳቸውንም ቢሆን። አንድ ቀን ግድግዳው ፈርሶ መቃኑ ብቻ የቀረ በር ሲያንኳኩ አይቼ፣

«እትዬ፣ ማን አለ ብለው ነው?» አልኳቸው።

«አንተ ብትኖርስ? ሱሪህን እየቀየርክ ቢሆንስ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ለሕንፃው ተንከባካቢ መቅጠር አስፈለገ። ያቺ የደረጃ ሥር ክፍል የተንከባካቢው መኖሪያ ናት። የባለቤቶቹ ወኪል ኢዮስያስ፣ ጨዋ ግን ጥድፊያ የሚወድ ወጣት፣ ሰኞ ሰው እመርጣለሁ ብሏል። ልቡ ያለው ሰርተፍኬት ያለው አንድ ሰውዬ ላይ ነው። እትዬ ወርቄ ካልተመረጡ ጎሮ ወደ እህታቸው ልጅ ዲና መሄዳቸው ነው፤ ዲና ደግሞ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናት።

«ፊት አትነሳኝም» አሉኝ። «ግን የት ላስተኛት ብላ ስትጨነቅ ማየት አልፈልግም።»

ዓርብ ዕለት ውኃ ለቀን ሞከርን። የክፍሎቹን መስመር በሙሉ ቀይሬ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ዋናውን የብረት ቧንቧ ግን ጤነኛ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአዳራሹ ጣሪያ አዲስ ጂፕሰም ውኃ እንደነካው ዳቦ አበጠ። ከላዩ ሦስት መታጠቢያ ቤቶች ተደራርበዋል፤ ሦስቱም ሴራሚክ ለብሰው አልቀዋል።

ኢዮስያስ መጥቶ ቀና ብሎ አየ። «ስንቱን ልታፈርስ ነው?»

«እስካገኘው ድረስ፣ ሦስቱንም።»

ስልክ ሊደውል ወጣ። መዶሻዬን ይዤ አንደኛ ፎቅ ካለው መታጠቢያ ቤት ስገባ ከኋላዬ በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ገመዳ፣ ይሄን አትንካ። ውኃው የሚወጣው ከላይ፣ ከሁለት መቶ ሰባት ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ከነበረበት ቦታ።»

«በምን አወቁ?»

የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ነገሩ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ነው። አንዲት ሙሽራ ለሰርጓ ሳምንት ሲቀራት እግሯ ተሰብሮ፣ በጀሶ ታስራ መጣች። ወንበር ላይ ሆና መስታወቱ አልደርስ ቢላት አለቀሰች። እትዬ ወርቄ የጥገና ሠራተኛ እስኪመጣ አልጠበቁም። ራሳቸው ሚስማር መትተው መስታወቱን ዝቅ አደረጉላት፤ ሙሽራዋም ተኳኩላ፣ ስቃ ወጣች። ሚስማሩ ግን ከልስኑ ሥር ያለውን፣ ዝገት ያሳሳውን ቧንቧ ወግቶታል።

«ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። እንደ ጄሪካን ቀዳዳ የልብስ ሳሙና ጠቀጠቅሁበትና መስታወቱን መልሼ ሰቀልኩ። የሆቴሉ ባለ ሽቶ ሳሙና አይይዝም፤ ከሾላ ገበያ ነበር የምገዛው። በየቅዳሜው አሮጌውን ፍቄ አዲስ እጠቀጥቃለሁ። ሆቴሉ ተዘግቶ ውኃው እስኪቆረጥ፣ አሥር ዓመት።»

ወደ ሁለት መቶ ሰባት ወጥተን አንዲት ሴራሚክ አነሳሁ። ከሥሯ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቢጫ ሳሙና፣ መሃሉ ተሰንጥቆ ውኃ ይተፋል። የለሰኑት ሰዎች ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ሲሚንቶ መርገውበታል።

«እኔ አገኘሁት እላለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ሰኞ ቅርብ ነው።»

«አሥራ አምስት ዓመት ዝም አልኩ እኮ፣ ገመዳ። ጸሎት ላይ እንኳ ይቺ ሳሙና ናት የምትመጣብኝ። አሁን ደግሞ በዝምታ ባገኘኋት ክፍል ልተኛ?»

ኢዮስያስ ሲመለስ ሁሉንም ነገሩት። ሙሽራዋን ብቻ ዘለሏት፤ እሷን እኔ ጨመርኩ።

«በሳሙና?» አለ ቢጫውን ጓል በጣቱ እየነካ። «አንድም ቅዳሜ ሳይዘሉ?»

«አንዱን ዘልያለሁ። እናቴ የሞተች ሳምንት። ከለቅሶ ስመለስ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው ወደዚህ የወጣሁት።»

ኢዮስያስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ከዛሬ በኋላ የሆነ ነገር ሲበላሽ ለማን ነው የሚነግሩት?»

«ላንተ። በዚያው ሰዓት።»

«አልቆጣም ብዬ ቃል አልገባም።»

«ተቆጣ። ቁጣ ያቅተኛል እንዴ? ያቃተኝስ መደበቁ ነው።»

«እንግዲያው ሰኞን ምን አስጠበቀን? ሥራውም ክፍሉም የእርስዎ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን ዋናውን ቧንቧ ትቀይረዋለህ።»

ቀየርኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ያ መስታወት ከፍርስራሹ መሃል ተገኘ፤ ጥጉ ብቻ ተሸርፏል። ልሰቅልላቸው አብሬያቸው ወደ ደረጃ ሥሯ ክፍል ሄድኩ። በራቸውን ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ትንሽ ጠበቁ፣ ገባን። መሰርሰሪያውን ሳነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ከኋላው ቧንቧ የለም አይደል?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ማልልኝ።»

ከመማል ይሻላል ብዬ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«በል፣ ብሳው» አሉ።