የጡሩምባ ትንፋሽ

በአውቶቡስ መናኸሪያው የእናት አባት ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ጡሩምባ ነው የሚሉት። ሥራው የአውቶቡሱን መድረሻ እየጠራ ተሳፋሪ መሰብሰብ ነው። ሲጣራ ከአጥሩ ማዶ የሚሄድ ሰው ሳይቀር ዞር ይላል። ሚስቱ «ቤት ስትገባ ድምፅህን ደጅ ተወው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

የሚቆመው ከአውቶቡሱ በስተኋላ ነው፤ ተሳፋሪው የሚመጣው በዚያ በኩል ነዋ። ሹፌሮቹ ሞተር የሚያሞቁትም እሱ ሲጣራ ነው። ጥቁሩ ጭስ ከጉልበቱ ሥር ይነሣና አፉን ከፍቶ ያገኘዋል። ትንፋሽ ሳይስቡ መጥራት ደግሞ የለም። ጡሩምባም ጎልማሳነቱን ሁሉ ሲስብ ኖረ።

መጀመሪያ ጉሮሮውን ከረከረው። ብርድ ነው አለ። ቀጥሎ ዳገት ሲወጣ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ይንሲያጠጥ ጀመር። እርጅና ነው አለ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሟ ጀርባውን አዳምጣ ስታበቃ ብርድም እርጅናም አላለችም።

«ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«አፌን ነክቶኝ አያውቅም፣ ዶክተር።»

«ሳንባዎ ግን የአጫሽ ሳንባ ነው። የሄደውን መመለስ አንችልም። ከጭሱ ካልራቁ የቀረውም ይሄዳል።»

አሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ሲሰማ ትኬት መሸጫው ውስጥ አስቀመጠው። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ጀርባዋ አውቶቡሶቹ ከሚደረደሩበት ጋር ይገጥማል። ጡሩምባ የመስኮቱን መስታወት ዘጋ፤ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቀ። «እስቲ አሁን ና!» አለው ጭሱን። ጭሱም መጣ። በወለሉ ሥር ይገባል፤ ከገባ ወዲያ ግን መውጫ የለውም። ጠረጴዛውን በጣቱ ሲያብስ ጣቱ ይጠቁራል። አቧራ ነው አለ።

ቤት ሲገባ ድምፁን በእርግጥም ደጅ ትቶ መምጣት ጀመረ። ሚስቱ ስታናግረው በእጁ ይመልስላታል። ቀልዷን ተወች።

አንድ ቀን ምሳውን ይዛ መጣች። በመስኮቱ ፊት ለፊት ስትሻገር አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ ይመጣባት ጀመር። አላየችውም። ጡሩምባ አፉን ከፈተ። መናኸሪያውን ሲያናውጥ የኖረ ሰው ትንፋሹ ደረቱ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ፤ የወጣው ፉጨት ብቻ ነበር። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ደለቀው። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ የአውቶቡሱ ኋላ የምሳ ዕቃውን ከእጇ አስጥሏት ነበር።

«ጡሩምባ! ዛሬ ደግሞ ከበሮ ሆንክ እንዴ?» አለ ሹፌሩ ብቅ ብሎ፤ የሆነውን አላወቀም። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ።

ሚስቱ በሩን ስትከፍት የናፍጣ ሽታ ፊቷን መታት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል።

«ለምን አልጠራኸኝም?» አለች። ወዲያው ገባት። «ተነሥ። ነገ እዚህ አትመጣም።»

ምን በልተን እንደር ሊላት ፈለገ፤ ለዚያች ቃል የሚበቃ ትንፋሽ አጣ። በትዳራቸው ሳይከራከር የተረታላት ያን ቀን ነው። እሷም መርታቷ አላስደሰታትም።

ደግፋ አወጣችው። ወደ መናኸሪያው በር የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአውቶቡሶቹ ጀርባ ያልፋል። የከሰዓቱ መነሻ ደርሶ ሞተሮቹ ተራ በተራ ይነሡ ጀመር። ሻርቧን ፈትታ አፍና አፍንጫውን ሸፈነችለት። ለራሷ የሚሆን አልነበራትም።

«አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረን…» ስትለው የራሷ ሳል አቋረጣት።