ሟቹን ይዤ ወደ ለቅሶው

ኦክላንድ፣ ገና ሳይነጋ

የጦርነት ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ጥይት ሲተኮስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ግን እዚህ ኦክላንድ ነው፤ እሱንም ጎረቤቴ "ርችት ነው" ብሎ አሳነሰብኝ። ቀን ቀን አዛውንቶች እንከባከባለሁ፣ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ሰው እገድላለሁ። ምዕራፎቹን በራሴ ድምፅ እያነበብኩ ዩቲዩብ ላይ እለቃቸዋለሁ።

ዛሬ ደግሞ የገደልኩትን ሰው ፒክ አድርጌ ወደ ራሱ ለቅሶ ልወስደው ነው።

ሟቹ ጋሽ ተካ ይባላል። የድሮ ወታደር ነው፤ አሁን ኤርፖርት ሹፌር። አንቱ ካልኩት "አረጀሁ እንዴ?" ብሎ ይቆጣል። ታሪኩን ሲሰጠኝ ቅጽል ስሙን "ሽቦ"ን እና አገጩ ላይ ያለውን ጠባሳ እንዳልቀይር አስጠነቀቀኝ፤ ቀጥሎ "በጀግንነት ግደይኝ፤ ተርፎ ኤርፖርት የሚያመላልስ ወታደር ማን ያነባል?" አለ። ድልድይ ላይ ገደልኩት። ሰምቶ "ሲሞት አምሮበታል" ብሎ ለራሱ አለቀሰ።

ትናንት ማታ ሰናይት የምትባል ልጅ ከሳን ሆዜ ደወለች። "እናቴ ያንተን፣ ሶሪ፣ ያንቺን ቪዲዮ ሰምታ ክራይ እያደረገች ነው። ሽቦን አስመራ ቤቷ ውስጥ ሃይድ ያደረገችው እሷ ናት። ነገ ለቅሶ ልትቀመጥ ነው። ሪሊ ሞቷል?"

"ኧረ ምን ይሞታል! ከትናንት ወዲያ ቁርጥ ሲበላ አይቼዋለሁ።"

ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። "አላመነችኝም። 'ልጄንም ደህና ነው እያሉ ነው በወሬ ያኖሩኝ፣ በስልክ የሚነገር ደህንነት አልቀበልም' አለች።"

በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። "አልሞተም" የሚባለው በስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም። እኔም በመርዶ ሰዓት ተነሣሁ።

ሳን ሊያንድሮ

ጋሽ ተካ ከአፓርታማው የወጣው በሙሉ ልብስና በጥቁር ክራቫት ነው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?"

"ለቅሶ ቤት በቲሸርት ይገባል?"

"ያንተ ለቅሶ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? ባዶ እጄንም አልገባም።"

ነዳጅ ማደያው ጋ አስቆመኝ። ሁለት ካርቶን ውሃ፣ አንዱ ሰባት ዶላር። "ዘረፋ ነው" እያለ ከፈለ። ሰው ለራሱ ለቅሶ ውሃ ተሸክሞ ሲሄድ በዘመኔ አላየሁም፤ ብጽፈው ደግሞ አጋነነች ይሉኛል።

880 አውራ ጎዳና ላይ

የጭነት መኪና፣ መጋዘን፣ የሲሚንቶ አጥር፣ እንደገና መጋዘን። ቅዳሜ ጠዋት ሆኖ እንኳ መንገዱ ተጨናንቋል። ጋሽ ተካ ሌላ ጊዜ ስለ ሹፌሮች ስድብ አያልቅበትም፤ ዛሬ አንድ ፒክአፕ ፊታችን ሲገባብን እንኳ ዝም አለ። ፍሪሞንትን ስናልፍ "መልሺኝ" አለኝ።

"ምን?"

"መልሺኝ። ሳልሰናበታት ነው የወጣሁት። ከጦሩ ጠፍቼ ቤቷ ስገባ ገና አፍላ ነበርኩ። ልጇ ጫካ ገብቶ እንደኔ ካለው ወታደር ጋር ይዋጋል፣ እሷ የእሱን ልብስ አልብሳ እኔን ትደብቃለች። አንድ ሌሊት መኪና ተገኘ ሲሉኝ ጃኬቱን እንደለበስኩ ወጣሁ። ልጁ ተመልሶ 'ጃኬቴስ?' ቢላትስ?"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትጽፊዋለሻ!"

እውነቱን ነው። ግን አልመለስኩትም። ፈርቼላቸው ነበር፣ ለሴትዮዋም ለሱም።

ሳን ሆዜ

ካምቤል ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ያለ አፓርታማ ነው። በሩ ላይ የተደረደረ ጫማ፣ ውስጥ የሚታጠፉ ወንበሮች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሰናይት በሩን ከፍታ ጠባሳውን አየችና "ኦ ማይ ጋድ" ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ሟቹ ሁለት ካርቶን ውሃ ታቅፎ ቆሟል። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

እናቷ አደይ ለተብርሃን ከፍራሹ ተነሡ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፣ አጭር ናቸው። ቀርበው አገጩን ይዘው በአውራ ጣታቸው ጠባሳውን ዳሰሱት። ከዚያ በጥፊ አጮሉት! ካርቶኖቹን እንደታቀፈ ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

"ጃኬቱስ?"

"እስኪበጣጠስ ለበስኩት፣ አደይ።"

"ሞቆህ ነበር?"

"ሞቆኝ ነበር።"

"እንግዲያ ይሁን።"

እንግዶቹ ግራ ተጋቡ። የሚስቅ ሳቀ፤ አንድ ሰውዬማ ያመጡትን የለስላሳ ካርቶን መልሰው ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

"ቁጭ በሉ!" አሉ አደይ ለተብርሃን። "ልጄ የማነ ከጫካ አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ ለሰማዕት አይለቀስም ብለው እልል አስባሉኝ። እልል አልኩ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩለትም። አሁን ሰው ተሰብስቧል፣ ምግቡም ተሠርቷል። ዛሬ አለቅሳለሁ።"

ጋሽ ተካ ውሃውን አስቀምጦ አጠገባቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። "የማነ ወንድሜ" ብሎ ቀድሞ የጀመረው እሱ ነው። በአካል አይተዋወቁም፤ አንድ ጃኬት ተጋርተዋል። እኔ በወረቀት ስንቱን ገድዬ ያልወጣኝ እንባ እዚያ ወጣልኝ።

ወደ ቤት

ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮውን በልተን ስንሰነባበት፣ አደይ ለተብርሃን እጄን ያዙኝ።

"ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ አደይ። ይቅር ይበሉኝ፣ አስለቀስኩዎት።"

"ተይው እሱን። በሕይወት ያለውን ሰው ከገደልሽ፣ የሞተውን በወረቀት አንድ ቀን እቤቱ ማስገባት ያቅትሻል?"

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ጋሽ ተካ ክራቫቱን ፈታ። መንገዱ አሁንም ዝግ ነው፤ ጸሐዩ ዓይናችን ውስጥ ገብቷል።

"እኔስ? ሞቼ ልቅር?" አለኝ።

"አንተማ አልቆልሃል። ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል።"

ክራቫቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ይሁን። የማነ እቤቱ ሲገባ ግን ጃኬቱን ስጪው፤ ማታ ማታ አስመራ ይበርዳል።"